መልስ፦ የደቡብ ኮሪያው አጥቂ ሰን ሁንግ ሚን እ.ኤ.አ. በ2018 ለእስያ ጨዋታዎች ብሎ የእንግሊዙን ክለብ ቶተንሃምን ለጊዜው ለምን ጥሎ ሄደ?

ወንድሜ፣ «ለአንድ ሜዳሊያ ሊጉን ጥሎ መሄድ ምን ይባላል?» ብለህ ጠይቀሃል። ነገሩ ከሜዳሊያው በላይ ነው። የደቡብ ኮሪያ ወንድ ሁሉ የውትድርና ግዴታ አለበት፤ ያኔ የአገልግሎቱ ርዝመት ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነበር የሚቀረው። በእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ያመጣ ግን ከዚህ ነፃ ይሆናል። ብር ወይም ነሐስ አይበቃም። ሰን 26 ዓመቱ ነበር፣ ጊዜው እያለቀበት ነበር።

የእግር ኳስ ውድድሩ ከ23 ዓመት በታች ስለሆነ ከዕድሜው በላይ የሚፈቀደው ሦስት ተጫዋች ብቻ ነው፤ እሱ አንዱ ሆኖ አምበልነቱንም ያዘ። በ2014 የዚያን ጊዜ ክለቡ የጀርመኑ ሌቨርኩሰን ስላልለቀቀው ቀርቶ ነበር፤ ጓደኞቹ ግን ያለ እሱ ወርቁን ወሰዱ። ይህ እንዴት እንደሚያንገበግብ አስበው!

የ2018ቱ ውድድር በተካሄደባት ኢንዶኔዥያም ቀላል አልሆነም። በምድቡ በማሌዥያ 2 ለ 1 ተሸነፉ፣ ኡዝቤኪስታንን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 3 አመለጡ። እዚያ ሦስት ግብ ያገባው ሁዋንግ ኡይ ጆ ነው፤ በውድድሩ በጠቅላላው 9 አስቆጥሯል፣ ለእኔ የወርቁ ባለቤት እሱ ነው።

ፍጻሜው ከጃፓን ጋር 90 ደቂቃው ያለ ግብ አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ሰን ኳስ እየነዳ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ሊ ሱንግ ዉ ከእግሩ ሥር ተቀብሎት መታና አገባ። ሁለተኛዋን ሁዋንግ ሂ ቻን ሰን ባሻማው ቅጣት ምት በቴስታ ጨመረ። 2 ለ 1 አለቀ።

ሰን በ2020 ጄጁ ደሴት ላይ በሙሉው ውትድርና ፈንታ የሦስት ሳምንት መሠረታዊ ወታደራዊ ሥልጠና ብቻ ወስዶ ወደ ኳሱ ተመለሰ።