የረጅሙ የእንጨት ሰዓት ሥራ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠ፣ ወለል ላይ የሚቆም አሮጌ ሰዓት ልገዛ ነው። ሥራው ጥሩ መሆኑን በምን ልለይ?

መልስ፦ ከጌጡ በፊት ቁመናውን ይዩ። ሳጥኑ የረዘመው፣ በአንድ ሰከንድ ከጎን ወደ ጎን የሚሄደው ተወዛዋዥ ዘንግ (ፔንዱለም) 99 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆንና ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሱት ክብደቶችም መውረጃ ስለሚፈልጉ ነው። ጌጡ ይህን ቀጥ ያለ መስመር ከዋጠው፣ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር ንድፉ ደካማ ነው።

ቅርጹን በባትሪ ከጎን አብርተው ይመርምሩ። በእጅ የተፈለፈለ ቅጠል የመሮ ዱካ አለው፤ ግራና ቀኙም ፍጹም አንድ አይሆንም። በኮላ የተለጠፈ ጌጥ ነውር የለበትም፤ ጠርዙ ከተነሳ ወይም ኮላው ከፈሰሰ ግን ሥራው ችኮላ የነበረበት ሊሆን ይችላል።

ዋናው ምስክር ውስጡ ነው። ፔንዱለሙን ያቁሙና የላይኛውን ሽፋን ቀስ ብለው ወደ ፊት ይሳቡት፤ በአብዛኞቹ ሰዓቶች ተንሸራቶ ይወጣል። ሞተሩ (ሰዓቱን የሚያስኬደው የጥርስ መዘውር) የተቀመጠበት ሳንቃ ላይ ሥራ የሌላቸው ቀዳዳዎች ካሉ፣ ከሥሩም አዲስ ቁራጭ እንጨት ከገባ፣ ሞተሩ ከሌላ ሳጥን የመጣ ሊሆን ይችላል። የቁጥሩ ገጽ ከክፈፉ ጋር አለመግጠሙም ይህንኑ ጥርጣሬ ያጠነክራል።

ሰፊው ሳንቃ በጭረቱ አቅጣጫ ተሰንጥቋል? እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ ይጠባል። ዙሪያውን በኮላ ወይም በሚስማር ከታሰረ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ጥሩ አናጢ ሳንቃውን በቦይ ውስጥ ልቅ አድርጎ ያስገባዋል።