ከመፈረማችሁ በፊት ካርቶኑን ነቅንቁ

በደሴና በኮምቦልቻ ንግድ ለጀመራችሁ፣ ሕግም ለምትማሩ ልጆቼ፤

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐዲድ በአገራችን በወሎ ምድር ተዘርግቷል። ጭነት በመደበኛነት ሲመላለስበት ዕቃ ከፉርጎ ወደ መኪና የሚተላለፈው እዚሁ ደጃችን ላይ ይሆናልና፣ በጥብቅና ዘመኔ ዘግይቼ የተማርሁትን እናንተ ቀድማችሁ ብታውቁት እወዳለሁ።

ሕጉ በመሠረቱ ለባለ ዕቃው ያደላል። አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ጊዜ አንሥቶ ለተቀባዩ እስከሚያስረክብበት ድረስ ለሚደርሰው መጥፋትና ብልሽት ኃላፊ ነው፤ ባለ ዕቃው የአጓጓዡን ጥፋት እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ጉዳቱ ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል፣ በዕቃው በራሱ ባሕርይ ወይም በላኪው ጥፋት የመጣ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የአጓጓዡ ነው። የማጓጓዝ ውልን የሚመለከተው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ ሕግ ሲወጣ አልተሻረምና፣ አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉት።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ የአንድ የደሴ ነጋዴ ጉዳይ ከእጄ ያመለጠው። ሐጂ በካርቶን የታሸገ የቡና ሲኒ በባቡር አስመጡ፤ ጸሐፊያቸው ጣቢያው ላይ «በደኅና ተረክቤአለሁ» ብሎ ፈረመ፣ ዕቃው በመኪና ተጭኖ ደሴ ሲደርስም ከሲሶው በላይ ስባሪ ሆኖ ተገኘ። የባቡሩ ወገን አስተሻሸጉን ወቀሰ፤ እሱንስ በተቻለኝ መጠን ተከራከርሁ። መልስ ያጣሁለት ግን ሲኒው የተሰበረው በፉርጎው ውስጥ ነው ወይስ በመኪናው ላይ የሚለው ጥያቄ ነበር፤ ፊርማው ሸክሙን ወደ እኛ አዙሮታልና። ሐጂ ከችሎት ስንወጣ፣ «ልጄ፣ ሲኒ ሲሰበር ድምፅ አለው፤ እንዴት ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ የሰማ ይጠፋል?» አሉኝ። ዛሬም መልስ የለኝም።

ሌላውም ዓለም ከዚህ አይርቅም። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1890 በርን ላይ ከተፈረመው ስምምነት የሚመዘዘው፣ ሲም የሚባለው ዓለም አቀፍ የባቡር ጭነት ደንብ፣ ከውጭ ለማይታይ ጉዳት ተቀባዩ እንዳወቀ ወዲያውኑ፣ ቢበዛ ዕቃውን ከተረከበ በ7 ቀን ውስጥ እንዲጣራ እንዲጠይቅ ያዛል፤ ጉዳቱ በአጓጓዡ እጅ ሳለ መድረሱን የሚያስረዳውም ያን ጊዜ ተቀባዩ ነው። ካሳውም በመደበኛው ወሰን ከጠፋው ወይም ከተበላሸው ዕቃ ክብደት በኪሎ ከ17 የሒሳብ መለኪያ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ኤስ.ዲ.አር. ከሚለው የገንዘብ መለኪያ) አይበልጥም። ክብደቱ ትንሽ ዋጋው ግን ብዙ የሆነ ዕቃ የምትልኩ ከሆነ እንግዲህ ዋጋውን በጭነት ሰነዱ ላይ አስመዝግቡ፣ ኢንሹራንስም ግቡ።

ከሁሉ በፊት ግን የርክክቡን ቦታ አክብሩት። ፉርጎው ሲከፈት እሽጉ እንዳልተነካ እዩ፤ የራሰ፣ የተጨፈለቀ ወይም ክብደቱ የቀነሰ ነገር ካለ ስንትና የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ በሰነዱ ላይ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉ፤ የጣቢያው ሠራተኛም ይፈርምበት። «ወረፋ አለ፣ ቶሎ በል» የሚላችሁ አይጠፋም። ይጠብቅ።

ሐጂ ከዚያ ወዲያ ጸሐፊያቸውን ብቻውን ልከውት አያውቁም። አንድ ብላቴና አብሮት ይሄድና እያንዳንዱን ካርቶን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቃል፤ ጸሐፊው ብዕሩን የሚያወጣው ልጁ ራሱን ሲነቀንቅለት ነው።