ውሃው ጥርት ብሎ ዓሣው ለምን ይሞታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለልጆቻችን 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳና 6 ወርቃማ ዓሦች ገዛን። እንዳይቆሽሽ ብለን በየሦስት ቀኑ ውሃውን በሙሉ እየደፋን ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ እናጥባለን፤ አንድ ጊዜም በበረኪና አጥበነዋል። ውሃው ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን አራቱ ሞቱብን። ምን አጎደልን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የጎደለ ነገር የለም፤ ዓሦቹን የጎዳቸው የጽዳቱ ብዛት ነው። ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥቡ በኩል ሌት ተቀን አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም ስለሌለው፣ ጥርት ያለው ውሃችሁ መርዝ የሞላበት ሊሆን ይችላል።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱት በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይቀይረዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ መጠን እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ይገድላቸዋል፤ በረኪናማ ራሱ ክሎሪን ነው። እናንተ በየሦስት ቀኑ ባጠባችሁ ቁጥር ገንዳው እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምር ነበር።

የቀሩትን ሁለት ዓሦች ለማትረፍ በአስቸኳይ ከውሃው አንድ ሦስተኛውን ቀንሱና ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ተኩት። የቧንቧ ውሃ አፉ በተከፈተ ባልዲ 24 ሰዓት ከቆየ ክሎሪኑ ይተናል፤ የአየር ፓምፕ ከከተታችሁበት ደግሞ ቶሎ ይወጣል። በሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃም ቢሆን እንዲሁ ባልዲ ውስጥ ይደር፤ መቼ እንደተሞላ ሁልጊዜ አይታወቅምና። የአዲሱና የገንዳው ውሃ ሙቀት ልዩነት ከ2 ዲግሪ እንዳይበልጥ በቴርሞሜትር ለኩ፤ በእጅ ዳብሶ መገመት አያስተማምንም።

ጠብታ እየጨመሩ በቀለም የሚያነቡትን የውሃ መመርመሪያ ፈልጋችሁ ግዙ። ከማንኛውም ጌጥ በፊት ለእሱ ገንዘብ ብታወጡ ይሻላል። የአሞኒያው ንባብ በሊትር 0.5 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እስኪወርድ ድረስ በየቀኑ ከሲሶ እስከ ግማሽ ቀይሩ። ፒኤቹንም (የውሃውን አሲድነት ወይም አልካላይነት የሚያሳየውን ቁጥር) ለኩ፤ ምክንያቱም በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ፒኤቹ 8 ሲሆን ግን ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። እስከዚያው ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ ስጧቸው።

ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ አሞኒያው ወርዶ ናይትራይቱ ይጨምራል። ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ፣ የአየር ፓምፑ እየሠራም ዓሦቹ ከላይ ተንሳፍፈው አየር ሊያሳድዱ ይችላሉ። የገበታ ጨው እዚህ ላይ ይረዳል፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይከላከላል። መጠኑ ለ1 ሊትር 1 ግራም ነው፤ ለእናንተ ገንዳ 60 ግራም ይሆናል። በጆግ ውሃ አሟሙታችሁ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምሩት። ጨው አይተንም፤ ስለዚህ በኋላ ውሃ ስትቀይሩ ለቀየራችሁት ሊትር ብቻ መተኪያ ጨምሩ።

የአሞኒያውም የናይትራይቱም ንባብ ዜሮ ሲሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ሩቡን ብቻ፣ በቱቦ ከጠጠሩ ውስጥ ቆሻሻውን እየሳባችሁ ቀይሩ። ስፖንጁ ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው ብቻ፣ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ታደርጉታላችሁ። ዓሣ መጨመር ግን ይቅርባችሁ፤ ወርቃማ ዓሣ ትልቅ ስለሚሆንና ብዙ ስለሚያቆሽሽ ለ60 ሊትር ሁለቱም በቂ ናቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ እያለሁ ውሃ አሳድሬ እጠቀም ነበር፤ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። እዚህ ግን ያደረ ውሃ ስጨምር ዓሦቹ ይወራጫሉ። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አብዛኛው የቧንቧ ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር በተጣመረ ክሎሪን ነው። ክሎራሚን ቢያድርም አይተንም። ከዓሣ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ የውሃ ማከሚያ ጠብታ ያስፈልግዎታል። ሲገዙ «ክሎራሚንን ያጠፋል፣ አሞኒያንም ያስራል» የሚል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ክሎሪኑን ብቻ የሚያጠፋው ዓይነት አሞኒያውን ነፃ አውጥቶ ገንዳው ውስጥ ይተወዋል። የጠብታውን መጠን ሲያሰሉ የገንዳውን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲሜትር አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፤ ሊትሩን ያገኛሉ። የውሃ ድርጅቶቹ በየጸደዩ ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ክሎሪን ብቻ ስለሚመለሱ በዚያ ወቅት የቧንቧው ውሃ ሽታ ቢለወጥ አይደንገጡ፤ ያው ጠብታ ለሁለቱም ይሠራል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ዓሦቼ ምን ያህል ይቆያሉ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንደ ዓሦቹ ብዛትና እንደ ውሃው ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባህር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። በ25 ዲግሪ፣ ባህር ጠለል ላይ ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል እዚህ ወደ 6.2 ይወርዳል። ስለዚህ ከውጭ አገር መመሪያ ላይ የምናገኘውን የዓሣ ብዛት ቀነስ ማድረግ ይገባል።

መብራቱ ሲሄድ ምግብ አይስጡ። በኩባያ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሰው ያፍስሱ፤ ጥቂት ደቂቃ ካደረጉ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ ይድገሙት። በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካለ ድካሙ ይቀራል። ማጣሪያው ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ ዝግ ዓይነት ከሆነና መብራቱ ለብዙ ሰዓት ከቆየ፣ ሲመለስ ዝም ብለው እንዳያስነሱት። ውስጡ የታፈነው ውሃ ኦክስጅን አልቆበት፣ ባክቴሪያዎቹም መሞት ጀምረው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ያንን ውሃ ይድፉ፤ ስፖንጁን በገንዳ ውሃ ያለቅልቁ፤ ከዚያ ያስነሱት። በማግስቱ አሞኒያ ይለኩ።

ጥያቄ፦ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ይመረዛሉ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አረንጓዴው አልጌ፣ ማለትም እንደ ተክል በብርሃን የሚያድግ ደቃቅ የውሃ ሕይወት ነው፤ ራሱ አይመርዝም፤ ሌሊት ግን ኦክስጅን ይሻማል። ገንዳውን ከመስኮት ያርቁ፤ የገንዳውን መብራት በቀን በጠቅላላው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ብቻ ያብሩ፤ ምግብ ይቀንሱ። ለ4 ቀን በጨርቅ ሸፍኖ ማጨለምም ያጠፋዋል። በእነዚያ ቀናት የአየር ፓምፑ እንዳይቆም፤ የሞተው አልጌ ስለሚበሰብስ ጨርቁን እንዳነሱ ሲሶውን ውሃ ይቀይሩ።