ጄኔሬተሩ ከኢንቨርተሩ ጋር አልስማማ ሲል

ከሱሉልታ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር የጻፉልኝን አሳጥሬ ላስቀምጠው። ኢንቨርተር የሚሉት የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የቤት መብራት የሚቀይረው ሣጥን ነው፤ ጄኔሬተር ሲሰካበትም ባትሪውን ይሞላል።

«ልጄ፣ ትንሽ ቤት ሠርተን ገብተናል። የመብራት መስመር እኛ ጋ አልደረሰም። ሶላር አለን፤ ባለ 24 ቮልት 3 ኪሎዋት ኢንቨርተርና ሁለት ባለ 200 አምፒር ጄል ባትሪ። ክረምቱ ሲከብድ ፀሐዩ አልበቃ ስላለን 2.8 ኪሎዋት የቤንዚን ጄኔሬተር ገዛሁ። ኢንቨርተሩ ላይ ስሰካው ይቀበለውና ቀጭ ብሎ ይተወዋል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይቀበላል፣ እንደገና ይተዋል። ጄኔሬተሩም ያቃስታል። የገጠመልን ልጅ ባትሪው ቶሎ እንዲሞላ ብሎ ቻርጁን 60 አምፒር ላይ አድርጎታል። አሁን ደግሞ ‹ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ልሥራና በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ እናስገባው› ይለኛል። ምን ትላለህ? ባለቤቴም ምጣድ ይሠራልን እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች።»

አባቴ፣ ገመዱን አያሠሩት። ተሠርቶ ከሆነም ዛሬውኑ ይቁረጡት።

ምክንያቱን ልንገርዎ። የዚያ ገመድ አንዱ ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ ተሰክቶ ሌላው ቢወልቅ፣ እጅዎ ላይ ያለው ስፒና እሾሁ ባዶውን 220 ቮልት ተሸክሟል። ልጅ አንስቶት ቢነካውስ? ሁለተኛ፣ የቤቱ ሶኬት ሁሉ የሚመገበው ከኢንቨርተሩ መውጫ ነው። ጄኔሬተሩን በሶኬት ካስገቡት፣ ኢንቨርተሩ እየሰጠ ባለበት መስመር ላይ ሌላ ኃይል ከፊት ለፊቱ መጣበት ማለት ነው። የሁለቱ ሞገድ እኩል አይነሳም፣ እኩል አይወድቅም። አንዱ ወደ ላይ ሲል ሌላው ወደ ታች ካለ በመካከላቸው 440 ቮልት ድረስ ልዩነት ይፈጠራል።

ሰንዳፋ አካባቢ እንዲህ የተደረገ ኢንቨርተር ከፍቻለሁ። ትራንዚስተሮቹ በተርታ ተሰንጥቀዋል፤ ከሥራቸው ያለው ሰሌዳ ከስሎ ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ክዳኑን ሳነሳ ፊቴን መታኝ። ባለቤቱ «አንድ ጊዜ ብቻ ጧ አለ» ነው ያለኝ። አንድ ጊዜ ይበቃዋል።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው። ጄኔሬተርና ኢንቨርተር አንድ መስመር ላይ አይገናኙ። የጄኔሬተሩ ቦታ የኢንቨርተሩ መግቢያ ነው፤ «ኤሲ ኢን» የሚለው። ከመውጫው ጋር አያምታቱት፤ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ናቸው። ከጄኔሬተሩ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ይምጣ፣ ሁለቱንም ሽቦ አብሮ የሚቆርጥ ባለ ሁለት ምሰሶ 16 አምፒር ብሬከር ይለፍ፣ ከዚያ ወደ መግቢያው ይግባ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ገንዘቡ አይቆጭዎትም። ከኢንቨርተሩ በኋላ፣ ከቤቱ ብሬከር ሳጥን በፊት፣ ባለ ሦስት ቦታ ቸንጅ ኦቨር፣ ማለትም የኃይል ምንጭ መቀያየሪያ፣ ያስገጥሙ። 1 ላይ ቤቱ ከኢንቨርተር ይመገባል፣ 0 ላይ ሁሉም ይቆረጣል፣ 2 ላይ በቀጥታ ከጄኔሬተር። ኢንቨርተሩ አንድ ቀን ቢበላሽ ጨለማ ውስጥ አይቀመጡም። ሲገዙ ፌዙንም (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ኒውትራሉንም (መመለሻውን) አብሮ የሚቆርጠውን ይጠይቁ። ፌዝ ብቻ የሚቆርጠው ረከስ ይላል፤ ግን ሁለቱን ኒውትራሎች እንደተገናኙ ይተዋቸዋል።

አሁን ወደ ቀጭታው። ኢንቨርተርዎ ጤነኛ ይመስለኛል። ጄኔሬተሩም አልተበላሸም። ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል እንጂ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ባለ 24 ቮልት ባትሪ ሲሞላ ወደ 28 ቮልት ይወጣል፤ 60 አምፒር በ28 ቮልት ሲባዛ 1,680 ዋት ነው። ይህ ባትሪው ውስጥ የሚገባው ነው። በመንገድ የሚባክነው ሲታከልበት ከጄኔሬተሩ የሚጠየቀው ወደ 2,000 ዋት ይጠጋል። ቴሌቪዥኑና አምፖሉ ደግሞ በላዩ አሉ። «ጄኔሬተሩ 2,800 አይደል?» ይሉኝ ይሆናል። ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ። ሱሉልታ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። ሯጮቻችን እዚያ ወጥተው የሚለማመዱት አየሩ ስለሚሳሳ አይደል? ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። እንዲህ ያለ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እርስዎ ጋ ሲደርስ 30 በመቶው ሄዷል። የቀረው 2,000 ዋት አይሞላም።

እና የሚሆነው ይሄ ነው። ኢንቨርተሩ ተቀብሎ መሙላት ሲጀምር ሞተሩ ይጎተታል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ ቮልቱም ሄርዙም (ሞገዱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) አብረው ይወርዳሉ። ኢንቨርተሩ «ይሄ መብራት አይታመንም» ብሎ ይቆርጣል። ሸክሙ ሲወርድለት ሞተሩ ይነሳል፣ ቮልቱ ይስተካከላል፣ ኢንቨርተሩም እንደገና ይቀበላል። እርስዎ የሚሰሙት ቀጭ ቀጭ ይሄ ነው።

መፍትሔው የኢንቨርተሩ ማስተካከያ ውስጥ አለ። ከጄኔሬተር ወይም ከመስመር የሚሞላበትን የአምፒር ጣሪያ ወደ 30 ያውርዱት። ያኔ ከሞተሩ የሚጠየቀው ወደ 1,000 ዋት ይሆናል፤ ለቤቱም ይተርፋል። ባትሪዎቹም ያመሰግኑዎታል። ለ200 አምፒር ጄል ከ20 እስከ 40 ጤናማ ነው፤ 60 ያሞቀዋል፣ ዕድሜውን ይበላዋል።

ግን በአንዴ 30 ላይ አይዝለሉ። የቤቱን ብሬከሮች ሁሉ ይዝጉ። ጄኔሬተሩን አስነስተው አምስት ደቂቃ ይሙቅ። በ10 አምፒር ይጀምሩ፣ ቮልቱንና ሄርዙን በቴስተር (ቁጥር በሚያሳየው መልቲሜትር) ይለኩ፤ ከዚያ 20፣ ከዚያ 30። ቮልቱ ከ205 ወይም ሄርዙ ከ48 በታች ከወረደ አንድ ደረጃ ይመለሱ። የእርስዎ ጄኔሬተር ልክ እዚያ ነው።

በ10 አምፒርም የሚቆርጥ ከሆነ ሁለት ቦታ ይዩ። ብዙ ኢንቨርተሮች መግቢያው ላይ ሁለት ዓይነት ጥብቅነት አላቸው፤ አንዱ ለኮምፒውተር ተብሎ በጣም ጠባብ የሆነ፣ ሌላው ለቤት ዕቃ ሰፋ ያለ። ለጄኔሬተር ሰፊው ነው የሚሆነው። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትተው ይዩት። እንደ ጥላሸት ከጠቆረ ቤንዚኑ በዝቶበታል፤ ካርቡራተሩ ለደጋ አልተስተካከለም። መካኒክ አነስ ያለ ዤት (ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ያድርግለት። ቆላ ይዘውት ከወረዱ ግን የድሮው ይመለስ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል።

ስታብላይዘር መካከል ላይ እንዲያስገቡ የሚመክርዎት ሰው አይጠፋም። ይቅርብዎት። የሞተሩን ድካም አይፈውስም፣ ቀጭታውን ያባብሰዋል።

ስለ ኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር ስለሚታሰረው የመከላከያ ሽቦ፣ አልጻፉልኝም፤ አለመጻፍዎ ነው ያሳሰበኝ። ትናንሽ ጄኔሬተሮች ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ሽቦ አንዱም ከአካላቸው ጋር ሳይታሰር ነው የሚመጡት። እንዲያ ሲሆን አርሲዲ፣ ማለትም ሰው መብራት ሲይዘው የሚቆርጠው ብሬከር፣ ቢገጠምም አይሠራም። በቴስተር ይለኩ። ሁለቱም ሽቦ ከአካሉ ጋር ግማሽ ግማሽ ቮልት የሚያሳዩ ከሆነ አልታሰረም። አንዱን እዚያው ጄኔሬተሩ ላይ ከአካሉና ከኧርዝ ዘንጉ ጋር ያሳስሩ፤ ያ ኒውትራልዎ ሆነ። ኢንቨርተሩ መውጫ ላይ ግን በግምት አይታሰር፤ መመሪያው ምን እንደሚል ይታይ። ዘንጉ ደግሞ ጠለቅ ይበል፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር። የእናንተ ሰፈር መረሬ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይለያል።

የባትሪውን ኬብልም ይንኩት፤ ከባድ ዕቃ ሲሠራ ከሞቀ ቀጭን ነው። 3,000 ዋት በ24 ቮልት 125 አምፒር ይሄዳል። 35 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ አጭር፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያለው ይሁን።

ጄኔሬተሩን በረንዳም ሆነ መጋዘን ውስጥ አያስነሱት፣ ዝናብ ቢሆንም። ጣሪያ ብቻ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ከመስኮት ስድስት ሜትር ያህል ራቅ አድርገው ይሥሩለት። የከሰል ጭስ ስንቱን ቤተሰብ በእንቅልፉ እንደወሰደ ያውቃሉ። ከዚህ የሚወጣውም ያው ጋዝ ነው።

ለእማማ ደግሞ እንዲህ ይበሉልኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ይፈልጋል። ኢንቨርተሩም ጄኔሬተሩም አይችሉትም፤ ሁለቱን ደምረን እንሞክር ቢባል ከላይ ያልኩት ነው የሚመጣው። ለእንጀራው ምርት ምድጃ ያሠሩላቸው።