«እውነተኛ ቀረጻ ነው እንዴ?» ስለ «የአልጀርስ ውጊያ» የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ የቆየ የጦርነት ፊልም ዙሪያ ናቸው፤ ጣሊያናዊው ጊሎ ፖንቴኮርቮ እ.ኤ.አ. በ1966 በሠራው «የአልጀርስ ውጊያ»። ላላየው ሰው፦ አልጄሪያውያን የነጻነት ታጋዮች ከ1954 እስከ 1957 በዋና ከተማቸው ከፈረንሳይ ፖሊስና ፓራሹተኛ ጦር ጋር የተናነቁበትን ጊዜ ያሳያል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ በውጊያው ጊዜ የተነሣ እውነተኛ ፊልም ገብቶበታል ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ተወራርጃለሁ። ማን አሸነፈ? (ከደብረ ብርሃን)

ጓደኞችዎ። አንዲት ሜትር የዜና ፊልም የለበትም፤ አሜሪካ ሲታይ ይህንኑ የሚል ማስታወቂያ መግቢያው ላይ ተለጥፎበት ነበር። ያታለለዎት የእጅ ሥራ ነው። ካሜራማኑ ማርቼሎ ጋቲና ዳይሬክተሩ ኔጋቲቩን መልሰው በማባዛት ምስሉ እንዲሻክር፣ ጥቁሩና ነጩም እንዲፋጠጡ አደረጉ። ሕዝቡን በረጅም ሌንስ ከሩቅ፣ ግርግሩን በእጅ በተያዘ ካሜራ አነሡት። ከዋነኞቹ ተጫዋቾች ሙያተኛ ተዋናይ የሆነው የፈረንሳይ ፓራሹተኞችን አዛዥ ኮሎኔል ማቲዩን የተጫወተው ዣን ማርታን ብቻ ነው። ጃፋር ሆኖ የሚታየው ያሴፍ ሳዲ ደግሞ በእውነተኛው ውጊያ የካዝባ (የአልጀርስ አሮጌ ሰፈር) ታጋዮች መሪ ነበር፤ በ1957 ተይዞ ሞት ተፈርዶበት በምሕረት ተርፏል። የፊልሙ መነሻ የእሱ ማስታወሻ ነው፤ ከፕሮዲዩሰሮቹም አንዱ እሱ ነው። ማቲዩ የሚባል ኮሎኔል ግን አልነበረም፤ ከጄኔራል ማሱና ከሌሎች መኮንኖች ተቀምሮ የተፈጠረ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ «ዋናው ሰውዬ ማነው?» ብለው ግማሹ ላይ ተነሥተው ሄዱ። (ከደብረ ሲና)

መጀመሪያው አምልጧቸው ይሆናል። ፊልሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፦ አንድ የተገረፈ ሰው መደበቂያውን ይጠቁማል፣ ታጋዩ ዓሊ ላ ፖይንት ከግድግዳ ጀርባ ተከብቧል፤ ከዚያ ታሪኩ ወደ 1954 ይመለሳል። እነዚያን ደቂቃዎች ያላየ ሰው ክሩ ይጠፋበታል። ከዓሊ ሞት በኋላም ፊልሙ አያልቅም። በታኅሣሥ 1960 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በእልልታ አደባባይ ይወጣል፤ «ዋናው ሰውዬ» እሱ ነው። አባትዎን ከመጀመሪያው ያስጀምሯቸው።

ጥያቄ፦ ካፌ ውስጥ ቦምብ የሚያስቀምጡትን ሴቶች ጀግና ማድረጉ ትክክል ነው? (ከሸዋ ሮቢት)

ፊልሙ ለነጻነት ትግሉ ያደላል፤ ይህን አይደብቅም። ነገር ግን ቦምቡ ከመፈንዳቱ በፊት ካሜራው የት የት እንደሚያርፍ ልብ ይበሉ፦ አይስክሬም የሚልስ ሕፃን፣ የሚስቁ ወጣቶች፣ የሚደንሱ። ሊሞቱ ያሉትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አሳይቶን ነው የሚያፈነዳው። የካዝባው ቤት በፖሊሶች ቦምብ ሲፈርስ የተሰማው የሐዘን ዜማም ለካፌው ሙታን ይደገማል። እንደኔ ከሆነ ለማወደስ የተነሣ ዳይሬክተር እነዚያን ፊቶች ቆርጦ ይጥላቸው ነበር። ፈረንሳይ ግን አልተዋጠላትም፤ ፊልሙ በ1966 የቬኒስን ወርቃማ አንበሳ ቢወስድም ለዓመታት በሲኒማ ቤቶቿ አልታየም።

ጥያቄ፦ ጣሊያኖች የፈረንሳይን ግፍ ሲያሳዩን የራሳቸውን ለምን ዘለሉት? እኛ አገር ዘረት ዋሻ አለ። (ከመሐል ሜዳ)

ጥያቄው ተገቢ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ዘረት ላይ የተሸሸጉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን ፋሺስቶች በመርዝ ጋዝ ፈጅተዋል። ፖንቴኮርቮን ግን በዚህ መክሰስ ይከብዳል፤ ራሱ ሚላኖ ውስጥ ፋሺስቶችን የተዋጋ አርበኛ ነበር። ቅሬታዎ የሚገባው ለጣሊያን መንግሥት ነው። ሙስጠፋ አቃድ እ.ኤ.አ. በ1981 የሊቢያውን ዑመር ሙክታር ተጋድሎ «የበረሃው አንበሳ» ብሎ አወጣ፤ ተቃራኒው ገጸ ባሕርይ የየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ ነው። የጣሊያን ባለሥልጣናት «የሠራዊታችንን ክብር ይነካል» ብለው በ1982 አገዱት። በአገራቸው ቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቶ! ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ቢያዩ ጥያቄዎ የበለጠ ይሳላል።

ጥያቄ፦ በወጣት ማዕከላችን ልናሳየው ነው፤ የአማርኛው ሰብታይትል መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር፣ ሰዓት ሲሞላ ከንግግሩ ይቀድማል። አንዳንዱ መስመር ደግሞ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። (ከዓለም ከተማ)

ሰብታይትሉ የተዘጋጀው በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚሄድ ቅጂ ነው፤ የእናንተ ፊልም በ24 ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ላይ ጽሑፉ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቀድማል። በቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ «ጂ» እና «ኤች» ቁልፎችን መጫን አይጠቅማችሁም፤ ሁሉንም መስመር እኩል ነው የሚገፋው፣ ልዩነቱ ግን እያደገ ነው የሚሄደው። ፋይሉን «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍታችሁ የፍሬም መጠኑን ከ25 ወደ 23.976 ቀይሩት። ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አቀማመጥ (ኢንኮዲንግ) ምረጡ፤ አራት ማዕዘኑ ካልጠፋ የፊደሉን ቅርጽ (ፎንት) ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርጉት። የግዕዝ ፊደል ሰፊ ስለሆነ መስመሩን ከ30 ፊደል ባታስበልጡ ይሻላል።

በትልቅ ቴሌቪዥን ከሆነ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ሴቲንግ አጥፉት፤ ካልጠፋ ጋቲ የደከመበት ሻካራነት እንደ ተከታታይ ድራማ ይለሰልስና ይበላሻል። ቀለሙንም ወደ ዜሮ አውርዱት፣ ጥቁርና ነጩ ሰማያዊ እንዳይሆን። መብራት ቢሄድ የደረሳችሁበትን ደቂቃ የሚጽፍ አንድ ሰው ይመደብ።