ጥያቄና መልስ፦ በዚህ ዕድሜዬ ኮሌጅ ተመልሼ ሃይማኖት ልማር?

ጥያቄ፦ የ42 ዓመት ሰው ነኝ፤ ትዳርና ልጆች አሉኝ። ኮሌጅ ከጨረስኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። አሁን ተመልሼ ሃይማኖት መማር እፈልጋለሁ። ወዳጆቼ ግን «በዚህ ዕድሜ ምን ይሠራልሃል? እምነትህንም ያሳጣሃል» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ጠያቂያችን፣ ዕድሜው አያሳስብዎ። አምብሮስዮስ በ374 እ.ኤ.አ. ለሚላን ኤጲስ ቆጶስነት ሲመረጥ አገረ ገዥ ነበረ፤ ገና አልተጠመቀም ነበር። ሳይማር ማስተማር እንደ ጀመረ ራሱ ጽፏል። አጵሎስም በመጻሕፍት እውቀት የበረታ ሆኖ ሳለ ከአቂላና ከጵርስቅላ ቁጭ ብሎ ተምሯል (ሐዋ. 18፥24-26)።

ይልቅ የሚማሩበትን ምክንያት ለንስሐ አባትዎ ግልጥ አድርገው ይንገሩ። ቅዱስ ያዕቆብ «ከእናንተ ብዙዎቹ አስተማሪዎች አይሁኑ» ያለው (3፥1) ለሁላችንም ነው፤ ዲፕሎማም ክህነት አይሰጥም። ልጅዎ ጠይቆዎት መልስ ስላጡ ከሆነ ግን በቂ ምክንያት ነው። ባለቤትዎ ያልተስማሙበትን ምዝገባ አይመዝገቡ።

ቀጥሎ የሚገቡበትን ክፍል ይለዩ። ነገረ መለኮት እምነትን ተቀብሎ ከውስጥ ይመረምራል። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የሃይማኖት ጥናት ደግሞ ሃይማኖቶችን ሁሉ ከውጭ ሆኖ እንደ ታሪክና እንደ ማኅበረሰብ ጉዳይ ያጠናል። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ አንዱን ፈልጎ ሌላው ውስጥ የገባ ሰው ግን በመጀመሪያው ወር ያዝናል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ እውቅና እንዳለው ያረጋግጡ፤ የድሮ ውጤትዎ የሚያዝልዎ መሆኑንም በጽሑፍ ያስመልሱ።

ብዙ ጎልማሶችን የሚጥላቸው አእምሮ አይደለም፣ ሰዓት ነው። ጌታችን ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቈጥራል ብሏል (ሉቃ. 14፥28)። እንቍጠረው፦ አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት በክፍል፣ በልማዱ 6 ሰዓት ደግሞ በቤት፣ በድምሩ 9 ሰዓት ይወስዳል። ሁለት ኮርስ 18 ነው፤ አራት ኮርስ 36፣ ይህም ሌላ ሙሉ ሥራ ማለት ነው። ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው በአንድ ኮርስ ይጀምር። በጉጉት አራቱንም የወሰደ ሰው የጽሑፍ ሥራውና የአጋማሽ ፈተናው ሲገጣጠሙበት መጀመሪያ የሚሠዋው ጸሎቱን ነው፤ ከዚያ እንቅልፉን፣ በመጨረሻም ትምህርቱን።

የመጀመሪያው ጽሑፍዎ ዝቅተኛ ውጤት ይዞ ቢመለስ አይደንግጡ። እኛ ምእመናን ስንጽፍ ስብከት ይሆንብናል። መምህሩ የሚፈልገው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የተቀመጠ አሳብ፣ ከራሱ ከንባቡ የወጣ ማስረጃና የተቃራኒው ወገን አሳብ ሳይዛባ ቀርቦ የተሰጠ መልስ ነው። ከሰው የወሰዱትን ሁሉ የማን እንደሆነ ይጥቀሱ፤ የሌላውን ቃል የራስ አድርጎ ማቅረብ ስርቆት ነው።

ቋንቋን በተመለከተ ግሪክኛና ዕብራይስጥን በአንድ ወቅት አብረው አይጀምሩ። ግሪክኛ 24፣ ዕብራይስጥ 22 ፊደል አለው፤ ፊደሉ ቀላል ነው፣ የሚከብደው ቃሉ ነው። ደግነቱ በግሪክኛው አዲስ ኪዳን ደጋግመው የሚመጡት 300 ያህል ቃላት የንባቡን 80 በመቶ ገደማ ይሸፍናሉ። በቀን 10፣ በሳምንት 5 ቀን ቢይዙ በ6 ሳምንት ይደርሱበታል። በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሁን፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ቢቀመጡ አይተካውም፣ ቃል የሚጸናው በመደጋገም ነውና። በዕብራይስጥ እኛ ተጠቃሚዎች ነን፦ ቤት፣ ስም፣ ነፍስ የሚሉት በዚያም ዘመዶቻቸው አሉ።

«እምነትህን ያሳጣሃል» ያሉት ወዳጆችዎ የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የኦሪት መጻሕፍት ከብዙ ምንጮች ተጠናቀሩ፣ ትንቢተ ኢሳይያስን ከአንድ በላይ ሰዎች ጻፉት የሚሉ አሳቦች ይገጥምዎታል። በዚያው ሰዓት አይቈጡ፣ ሳይመረምሩም አይቀበሉ። አሳቡንና ማስረጃውን ሳያጣምሙ ይጻፉ፤ ከሥሩ የእርስዎን ጥያቄ ያስፍሩ፤ ደብተሩን ይዘው በየወሩ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን መምህር ይሂዱ። ከኮርሱ መጽሐፍ ጎንም የአባቶችን ትርጓሜ ያንብቡ፤ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ብቻ 90 ድርሳናት አሉት።

ከዚህ የበለጠ የምሰጋልዎ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ጥናቱ ራሱ ጸሎት ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ወንጌል ሲያነቡ ውለው አንድም ጊዜ «አቤቱ» ሳይሉ ሊያድሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለት መጽሐፍ ቅዱስ ይኑርዎ፦ አንዱ የሚሰመርበትና የሚጻፍበት፣ ሌላው እርሳስ የማይነካው የጸሎት።

ምዝገባው እስኪደርስ አዲስ ኪዳንን ዳር እስከ ዳር ያንብቡ። 260 ምዕራፍ ነው፤ በቀን 3 ቢያነቡ በ87ኛው ቀን ይፈጽሙታል። መምህራኑ አንብበውታል ብለው ነው ትምህርቱን የሚጀምሩት።