በማን ላይ ተጠንቶ? የተማሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት የተማሪዎች ናቸው። ከባዮሎጂና ከጤና ዜናዎች አንዱን መርጣችሁ የተሰማችሁን ጻፉ ተብለው፣ በዚያው የከነከናቸውን ነገር ለእኔ የላኩ ይመስላል። የረዘሙትን አሳጥሬያለሁ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ከ10 ሺህ ዓመት በፊት የጠፋው ዳየር ዎልፍ የተባለ ትልቅ ተኩላ ተመልሶ ተወለደ የሚል ዜና አንብቤ ተገረምኩ። እንዲህ ከሆነ ዳይኖሰርም ይመለሳል ማለት ነው? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

ተኩላው አልተመለሰም። ኮሎሳል ባዮሳይንስስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ያሳየን ቡችሎች ግራጫ ተኩላዎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከጥንታዊ ጥርስና ከራስ ቅል ዲኤንኤ አውጥተው አነበቡ። ከዚያም በግራጫ ተኩላ ሴል ውስጥ በ14 ጂኖች ላይ 20 ለውጦች አደረጉ፤ ፅንሱን ተሸክመው የወለዱትም ውሾች ናቸው። የሁለቱ እንስሳት ዲኤንኤ ጎን ለጎን ሲታይ ግን ልዩነቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ፊደል ነው። ፀጉሩ ነጣ፣ አካሉም ገዘፍ ያለ ግራጫ ተኩላ ተወልዷል ቢባል ትክክል ነበር። ያም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም፤ ርእሱ ከሥራው ቀድሞ ሮጠ እንጂ።

የዳይኖሰሩ ነገር አይሆንም። ዲኤንኤ በጊዜ ብዛት ይፈራርሳል። እስካሁን ሊነበብ የቻለው እጅግ ጥንታዊ ዲኤንኤ ከግሪንላንድ አፈር የወጣው ነው፤ ዕድሜው 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዳይኖሰሮች የጠፉት ደግሞ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

ሰው የሚጠቀመው ከአንጎሉ 10 በመቶውን ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ውሸት ነው። ተኝተንም እንኳ ሥራ የሚፈታ የአንጎል ክፍል የለንም።

የ2024ቱ የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለትል ጥናት መሰጠቱ አናደደኝ። ለካንሰር ፈውስ የሚደክሙ ስንት ሰዎች እያሉ! (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ)

ንዴትሽ ከምን እንደመጣ ይገባኛል፤ ግን እሟገትሻለሁ።

ሲ ኤለጋንስ የምትባለው ትል ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ገላዋ ብርሃን ያሳልፋል። በሕይወት እያለች ማይክሮስኮፕ ሥር ትቀመጥና የትኛው ሴል እንደተከፈለ፣ የትኛው ወዴት እንደሄደ፣ የትኛው እንደሞተ በዓይን መከታተል ይቻላል። ያደገች ትል የአካሏ ሴሎች 959 ናቸው፤ የሌላዋም 959፣ የሦስተኛዋም እንዲሁ። አንድ ነገር ሲበላሽ የቱ ጋ እንደተበላሸ በትክክል የሚታይበት እንስሳ ማግኘት ለተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው።

ሽልማቱን የወሰዱት ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን ያዩት፣ ሊን-4 የሚባለው ጂናቸው የተበላሸባቸው ትሎች የዕድገታቸውን የመጀመሪያ ደረጃ እየደጋገሙ ወደሚቀጥለው ማለፍ ሲያቅታቸው ነው። ጂኑ ሲመረመር እንደ ሌሎቹ ፕሮቲን አይሠራም። የሚያወጣው 22 ፊደል ብቻ ያላት አጭር አርኤንኤ (ከዲኤንኤ የሚቀዳ ሞለኪውል) ነው። እሷም የሌላ ጂን መልእክት ላይ ትለጠፍና ያ መልእክት ወደ ፕሮቲን እንዳይለወጥ ታግደዋለች። ይህን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳተሙት። ብዙዎች የትል ጉዳይ ነው ብለው አለፉት። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን የሩቭኩን ቡድን ሌት-7 የምትባል ሌላ አጭር አርኤንኤ አገኘ፤ እሷ ደግሞ በሰውም ውስጥ አለች። ዛሬ ማይክሮ አርኤንኤ የምንላቸው እነዚህ ናቸው።

ካንሰርን አንስተሻልና በዚያው ልጨርስ። ማይክሮ አርኤንኤዎችን ቆርጦ የሚያዘጋጅ ዳይሰር የተባለ ኢንዛይም አለ። የእሱ ጂን የተበላሸባቸው ልጆች በሳንባ፣ በኩላሊትና በእንቅርት ዕጢ ላይ እብጠትና ካንሰር ሊያገኛቸው ይችላል። ሐኪሞች የዚህን ሕመም ምንጭ ዛሬ እንዲረዱ ያቺን ትል ማጥናቱም አግዟል።

አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ሃርት አታክ አጋጥሞት የልቡ ደም ሥር ውስጥ ስቴንት (ደም ሥሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶለታል፤ በየቀኑ አስፕሪን ይወስድ ነበር። ለቤት ሥራዬ የመረጥኩት ዜና «ዕለታዊ አስፕሪን ለአረጋውያን አይጠቅምም፣ ያደማል» ይላል። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት። ለአባቴ ስነግረው ደስ ብሎት ኪኒኑን ካቆመ ሳምንት ሆነው። ጥሩ አደረግሁ? (የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ)

መልሴን አንብበሽ ከመጨረስሽ በፊት የአባትሽን የልብ ሐኪም ደውለሽ አግኚ። ዛሬውኑ። ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ። ያለፈውን ለማካካስ ብላችሁ በራሳችሁ እጥፍ መጠን አትስጡት፤ እንዴት እንደሚጀምር ሐኪሙ ይንገራችሁ። ደረቱን ከጨነቀው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀው ስልኩንም ተዉት፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ከደወልሽ በኋላ ወደ ዜናው እንመለስ። አስፕሪ የተባለው ጥናት በአውስትራሊያና በአሜሪካ 19,114 ሰዎችን ያካተተ ነው፤ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ ነበር። ግማሾቹ በየቀኑ 100 ሚሊ ግራም አስፕሪን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ለአምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲወጣ፣ ከአካል ጉዳትና ከመርሳት ሕመም ነጻ ሆኖ በመኖር ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ከባድ መድማት ያጋጠመው ግን አስፕሪን ከወሰዱት 3.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 2.8 በመቶ ነው። ዜናው አልዋሸም። አንቺም ያጠቃለልሽው በትክክል ነው፤ ያገኘሽው ውጤት ይገባሻል።

ግን አባትሽ ወደዚያ ጥናት ልግባ ቢሉ ኖሮ በር ላይ ይመለሱ ነበር። የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም ያለበት ሰው እንዳይገባ ከመጀመሪያው ተወስኗል። ጥናቱ የጠየቀው «ይህ ሕመም ኖሮበት የማያውቅ ጤነኛ አዛውንት ለመከላከል ብሎ አስፕሪን ቢጀምር ይጠቅመዋል?» ብሎ ነው። አንዴ ሃርት አታክ ያጋጠመውና ስቴንት ያለው ሰው መድኃኒቱን ያቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን አልጠየቀም፤ ስለዚህም አልመለሰም።

ለምን እንደሚለያይ ደግሞ ባዮሎጂው ይነግርሻል። አስፕሪን ፕሌትሌት በሚባሉት ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሴሎች ውስጥ ኮክስ-1 የተባለውን ኢንዛይም ላይመለስ ያበላሸዋል። ፕሌትሌት ኒውክሊየስ ስለሌለው በምትኩ አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም፤ እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደዚያው ሆኖ ይኖራል። መቅኔ በየቀኑ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህሉን በአዲስ ይተካል። አሁን የአባትሽን ሳምንት ቁጠሪ። አስፕሪን ያልነካቸው፣ ለመያያዝ ዝግጁ የሆኑ ፕሌትሌቶች አብዛኛውን ቦታ ይዘዋል፤ በጠበበና ስቴንት በገባበት ደም ሥር ውስጥም እያለፉ ነው። እዚያ የሚረጋ ደም የልብ ጡንቻን ያስርባል። መጀመሪያ እንድትደውዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

የመድማቱ አደጋ ለአባትሽም የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ከ1,000 ጤነኛ አዛውንቶች መካከል በነዚያ ዓመታት ውስጥ 10 ሰዎች በአስፕሪን ምክንያት ተጨማሪ ከባድ መድማት ያገኛቸዋል፤ ጥቅም ስላላገኙበት ኪሳራው ንጹሕ ኪሳራ ነው። ሃርት አታክ ደርሶበት የሚያውቅ ሰው ግን ዳግም የመታመም ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ኪኒኑ የሚያስቀርለት ሕመም ከሚያመጣበት መድማት አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ጨጓራ አስቸግሮት ወይም ደም ፈስሶት የሚያውቅ ከሆነ ሚዛኑ ሊለወጥ ይችላል። ያን የሚመዝነው የልቡን ታሪክ የሚያውቀው ሐኪም ነው። እኔ አልችልም፤ አንቺም አትችዪም።

በየሳምንቱ የሚመጡልኝን የተማሪ ጽሑፎች ሳነብ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። የተገኘውን ውጤት ሁሉም ይጽፋል፤ በማን ላይ እንደተገኘ የሚጽፍ ጥቂት ነው። በእያንዳንዱ የምርምር ጽሑፍ ውስጥ «ዘዴ» በሚለው ክፍል እነማን እንደተካተቱና እነማን እንደተገለሉ የሚዘረዝር አንቀጽ አለ። ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነው፣ ዜናው ውስጥም አይገባም። ለቤተሰቦቻችሁ አንድ ነገር ከመንገራችሁ በፊት እባካችሁ እሱን አንብቡ። ቤት ውስጥ ባዮሎጂ የምታጠኚው አንቺ ነሽና ቃልሽ ከጋዜጠኛው ይልቅ ይታመናል። አባትሽ ኪኒኑን ያቆመው ዜናውን ብሎ አይመስለኝም፤ ልጄ አጥንታ ነገረችኝ ብሎ ነው። ይህ እምነት መልካም ነገር ነው። አሁኑኑ ተጠቀሚበትና «አባዬ፣ ሐኪምህን ሳንጠይቅ ማቆም አልነበረብንም» በዪው።

ጓደኛዬ አስፓርቴም የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጧል፣ ከሲጋራ እኩል ተመድቧል ይላል። እኔ የለም እላለሁ። ማን ያሸንፋል?

አንተ ታሸንፋለህ። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የመደበው በ2ቢ፣ ማለትም «ምናልባት ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ውስጥ ነው፤ ሲጋራ ምድብ 1 ነው። የሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም እዚያው 2ቢ ውስጥ አለ። ምድቦቹ የሚናገሩት ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። በዚያው ዕለት የምግብ ተጨማሪዎችን የሚገመግመው ሌላው ኮሚቴ የቀኑን ገደብ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ላይ እንዳለ ተወው። ድርጅቱ ራሱ በሰጠው ምሳሌ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዚህ ገደብ ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ በላይ አስፓርቴም ያለበት ለስላሳ መጠጣት ይኖርበታል።

ስለ ክሪስፐር (የጂን አርትዖት መሣሪያ) 500 ቃል ጻፍልኝ፣ ለነገ ነው።

አልጽፍልህም። መምህርህ የጠየቁት ያንተን ሐሳብ ነው።

ራፓማይሲን የአይጥን ዕድሜ እንደሚያረዝም አነበብኩ። በኢንተርኔት ይሸጣል፤ ልሞክረው?

አትሞክረው። ጥናቱ እውነተኛና ጥሩ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሦስት ላቦራቶሪዎች 600 ቀን ለሞላቸው አይጦች መድኃኒቱ ተሰጥቶ፣ የሴቶቹ ዕድሜ በ14 በመቶ፣ የወንዶቹ በ9 በመቶ ረዝሟል። ነገር ግን አይጦቹ ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ተጠብቀው በንጹሕ ሳጥን ውስጥ የኖሩ ናቸው። ይኸው መድኃኒት ለሰው የሚሰጠው ኩላሊት ሲተከልለት ሰውነቱ እንዳይቃወመው፣ የመከላከል አቅሙን ለማዳከም ነው። የአፍ ቁስል ያመጣል፣ የደም ቅባት ከፍ ያደርጋል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። የሃያ ዓመት ጤነኛ ሰው ይህን ከማይታወቅ ሻጭ ገዝቶ የሚውጥበት አንድም ምክንያት አይታየኝም።

ፕሮቲኖችን ሁሉ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፈትቷቸዋል ይባላል። አራተኛ ዓመት ነኝ፤ ባዮሎጂን ትቼ ኮምፒውተር ልማር?

ኮምፒውተር ከወደድክ ተማር፤ በዚህ ዜና ምክንያት ግን ባዮሎጂን አትተው። አልፋፎልድ የተባለው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራም ከ200 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ፕሮቲኖችን ቅርጽ ተንብዮአል፤ ፕሮግራሙን የሠሩት ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋር እ.ኤ.አ. የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል የተጋሩትም የሚገባቸው ሆኖ ነው። ፕሮግራሙ የተማረው ግን ከእ.ኤ.አ. 1971 ጀምሮ በአንድ ቋት ከተሰበሰቡ፣ ሰዎች ፕሮቲን እያነጠሩና ክሪስታል እያበቀሉ አንድ በአንድ ካገኟቸው ቅርጾች ነው። የሚሰጥህም ግምት ነው፤ የትኛው ክፍል ላይ እርግጠኛ እንዳልሆነ በቀለም ለይቶ ራሱ ያሳይሃል። ፕሮቲኑ ሴል ውስጥ መቼ እንደሚሠራ፣ ሲበላሽ ሰውየውን ምን እንደሚያደርገው ገና በቤተ ሙከራ የሚጠና ነው። ለቀሪው የትምህርት ክፍልህን አማካሪ አነጋግር።

ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም አለብኝ። በጂን አርትዖት ሰዎች ተፈወሱ የሚለውን ዜና ክፍል ውስጥ ሳቀርብ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ተስፋ ላድርግ?

አዎ፣ ተስፋ አድርጊ፤ ዝርዝሩን ግን እወቂው። ካስጌቪ የተባለው ሕክምና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በብሪታንያ፣ በታኅሣሥ ደግሞ በአሜሪካ ተፈቅዷል። የታማሚዋ የመቅኔ ስቴም ሴሎች ይወጡና ቢሲኤል11ኤ የተባለው ጂን በክሪስፐር ይዳከማል። ይህ ጂን ከተወለድን በኋላ የፅንስ ሄሞግሎቢንን የሚያጠፋው ነው፤ እሱ ሲዳከም ያ ሄሞግሎቢን ይመለስና ቀይ የደም ሴሎች ማጭድ መምሰላቸው ይቀንሳል። በቂ ክትትል ከተደረገላቸው 31 ሰዎች 29ኙ ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት ከባድ የሕመም ቀውስ አላገኛቸውም።

ዜናው የሚዘለው የመሀሉን ነው። የታረሙት ሴሎች ከመመለሳቸው በፊት የቀድሞው መቅኔ በከባድ ኬሞቴራፒ ይጠፋል። ሳምንታት ሆስፒታል መተኛት አለ፣ ኢንፌክሽን ያሰጋል፣ መካንነትም ሊያስከትል ይችላል። የተፈቀደውም ዕድሜያቸው 12ና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ቀውስ ለሚደጋገምባቸው ነው። ስለዚህ የደም ሐኪምሽ ዘንድ ስትሄጂ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ያለኝ የሕመም ዓይነትና ድግግሞሽ ለዚህ ያበቃኛል ወይ? ኬሞቴራፒው ከመጀመሩ በፊት ልጅ የመውለድ ዕድሌን ማቆየት እችላለሁ ወይ? እስከዚያው ሃይድሮክሲዩሪያ ይስማማኛል ወይ? ይህኛው በአፍ የሚወሰድ የቆየ መድኃኒት ነው፤ እሱም የፅንስ ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋል። ጥያቄዎቹን ጽፈሽ ያዢ፤ ሐኪሙ ቢቸኩል እንኳ መልስ ሳታገኚባቸው አትውጪ።

የ2025ቱ የሕክምና ኖቤል ለማን ተሰጠ? በአጭሩ።

ለሜሪ ብራንካው፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ፤ የመከላከያ ሥርዓታችን የገዛ አካላችንን እንዳያጠቃ የሚያግዱትን ቲ ሴሎችና አሠራራቸውን ስላሳዩን።